ዘጠነኛው ውሻ

ሶዶ ላይ ውሻ ቀን ሥጋ ቤት ደጃፍ ይውልና ማታ የጌታው እንሰት ውስጥ ገብቶ ጃርት ያባርራል። ይህን ለፈረንጇ አስተማሪ ማን ይንገራት? በነፃ ላገልግል ብላ ከባሕር ማዶ የመጣች ልጅ ነች። ‹‹ባለቤት የሌላቸው ምስኪኖች!›› ብላ ዘጠኝ ውሻ ከዚያ ደጃፍ ሰብስባ ግቢዋ ውስጥ ዘጋችባቸው፤ በሳሙናም አጠበቻቸው። ከዚያ ‹‹በማደጎ የሚወስድ ቅዳሜ ይምጣ›› ብላ አስለፈፈች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ባለ ውሾቹ ግልብጥ ብለው መጡ። ፊት የቀረቡት ጎረቤቴ አቶ ዳና ናቸው። ‹‹ውሻው የት ያድራል? ጠይቃቸው›› አለችኝ። ጠየቅኳቸው። ‹‹እንሰቱ ውስጥ ነዋ! የገዛ ውሻዬን ሰርቃ ደግሞ እኔን ትመረምራለች? በል ንገራት!›› አሉ። ‹‹ሰፊ አትክልት አለኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል›› አልኳት።

እንዲህ እየቀጠፍኩ ስምንቱን ለየጌቶቻቸው አስረከብን። ዘጠነኛው ቀረ፤ ጆሮው የተቆረጠ፣ የሰፈሩን ዶሮ የፈጀ ሌባ። የእኔ ነው። ያን ቀን ስትወስደው አይቼ ዝም ያልኩትም ‹‹ተገላገልኩ›› ብዬ ነበር። ከይሲው ታዲያ ጭራውን እየቆላ መጥቶ ጫማዬ ላይ ተኛ።

‹‹አየህ፣ አንተን መረጠ!›› አለች፤ እንባዋ መጣ። የማደጎውንም ወረቀት አቀበለችኝ።

አቶ ዳና ከበሩ ዞር ብለው በወላይትኛ ‹‹አንተ ቀጣፊ፣ የራስህ ውሻ መሆኑን አትነግራትም?›› አሉኝ።

‹‹ምን አሉ?›› አለችኝ።

‹‹እንኳን ደስ ያለህ እያሉኝ ነው›› ብዬ ፈረምኩ።