ኒቆዲሞስ ያለው ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ኑኃሚን ሰይፈ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ከሟች ጋር ያላት ዝምድና፦ ባለቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን አለምብርሃን ተፈራ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ባለቤቴ አቶ ኒቆዲሞስ በወጌሻው ዐብዲፈታሕ ቤት ስለደረሰበትና ለሞት ስላበቃው ጉዳት ተጠይቄ፣ በቦታው ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ማንም ሳያስገድደኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ባለቤቴ በኢንዱስትሪ ፓርክ የፎርክሊፍት ነጂ ነበር። በጥር ወር ከከዚራ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ አንገቱ ተጎዳ። አጥንቱ ባይሰበርም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀና ባለ ቁጥር ራሱን ያዞረው ነበር፤ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው ግድግዳ ይዞ ነው። ሐኪሙ ጆሮውንም ጭንቅላቱንም ካስመረመረ በኋላ ማዞሩ የሚነሳው ከአንገቱ ነው ብሎ ስምረት ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከን። ስምረት ጭንቅላቱን በመዳፏ ደግፋ አንገቱን ቀስ እያለች ታላላለት፣ ዓይኑን አንድ ነገር ላይ ተክሎ አንገቱን በጥቂቱ እንዲያንቀሳቅስም ታለማምደው ነበር። ለውጥ ነበረው። ያለ ድጋፍ እስከ ታክሲ መያዣው መሄድ ጀምሮ ነበር። «አንገትዎን ማንም በኃይል እንዳያዞርብዎ» ብላ ስታስጠነቅቀው ሰምቻለሁ።

ባለቤቴ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። በማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ሊተካ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰው ባሰበት። «ይቺ ልጅ ታባብለኛለች እንጂ አታክመኝም» አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። እሱስ ማፍሰሱን ነው እንጂ መልቀሙን አልደረሰበትም።

ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ እዚያው ሳቢያን ወደሚገኘው የዐብዲፈታሕ ቤት ሄድን። ዐብዲፈታሕ የሠፈሩን ኳስ ተጫዋቾች ወለምታ ሁሉ ሲያሽ የኖረ፣ በክፉ የማይነሳ ሰው ነው። አፉን የፈታው በሶማልኛ ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ነው። የስምረትን ማስጠንቀቂያ እኔው ነገርኩት። ሳቀና «እሱ የሐኪም ፍርሃት ነው» አለኝ። ባለቤቴን ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ከኋላው ተንበርክኮ አንገቱን በሰሊጥ ዘይት አሸው። «አብሽር አቦ፣ ዛሬ ድነህ ነው የምትሄደው» አለው። ከዚያም አገጩን ይዞ በድንገት ወደ ቀኝ አዞረው። አንገቱ ቀጭ ሲል በሩ አጠገብ ሆኜ ሰማሁ። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ «አዞረኝ» አለ። ራሴን አዞረኝ ማለቱ ነበር። ዐብዲፈታሕ «እሺ ወንድሜ» አለና በበለጠ ኃይል ወደ ግራ አዞረው። «ተው!» ብዬ ስነሳ አልቆ ነበር።

ወዲያው አስመለሰው። ምላሱ ተሳሰረ፣ ግማሽ ፊቱ ተጣመመ፣ ውሃ ስሰጠው መዋጥ አቃተው። ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ያስገባው ዐብዲፈታሕ ራሱ ነው፤ ሆስፒታል እስክንደርስም እግሩን ይዞ ያለቅስ ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ የአንገቱ ደም ሥር ተሰንጥቆ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም እንደተዘጋ ነገረኝ። ሚያዝያ 26 ቀን ንጋት ላይ አረፈ።

ድንኳኑ ሳይነሳ ሁለት ሰዎች ለየብቻ መጡብኝ። የዐብዲፈታሕ ሚስት ሰምሰም እግሬ ላይ ወድቃ «ኑኃሚን እህቴ፣ እሱ ወላሂ አዙረኝ አለኝ እያለ ነው። አንቺም እንደሱ መስክሪለት። የሞተ ተጎዳ፣ እኔ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለችኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወልደጻድቅ ደግሞ «ተወኝ እያለ ሲለምነው በግድ ጠመዘዘው በይ። አለዚያ ነገ ተፈትቶ በደጃችን ሲያልፍ ታዪዋለሽ» አለኝ። ሁለቱም የመጡት ባሌ ያላለውን በአፉ ሊያስገቡበት ነው፤ ሬሳ መልስ አይሰጥማ። ተናድጄ ሁለቱንም አስወጥቻቸዋለሁ።

ዐብዲፈታሕን አልማርኩትም። የተነገረውን ማስጠንቀቂያ በሳቅ አልፏል፤ ለዚያ ይጠየቅ። ሆኖም ባለቤቴ «ተወኝ» ሲል አልሰማሁም፣ «አዙረኝ»ም አላለም። ያለው «አዞረኝ» ነው። ዐብዲፈታሕ «እሺ» ያለውም እንዲያዞረው የታዘዘ መስሎት ነው ብዬ አምናለሁ። ተው የተባለ ሰው እሺ ብሎ አይደግምም።

ይህ ቃሌ ሲነበብልኝ፣ ምክትል ሳጅኑ ሁለቱን ቃላት ለይቼ ካስረዳሁት በኋላም ባለቤቴ ያለውን «አዙረኝ» ብሎ ጽፎት አገኘሁ። ከወንበሬ ተነስቼ ጮህኩበት። እሱ በአማርኛ ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ሰው ነው፤ ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው፤ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚናገር የለም። እሱ እንዲህ ከሰማ ዐብዲፈታሕ ቢሳሳት ምን ይገርማል ብዬ ሳስብ ቁጭ አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ስህተቱን ሰርዞ አስተካክሏል። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት በሌላ ወረቀት ልገልብጠው ቢለኝ ግን እምቢ ብያለሁ። ስርዙ እንደሆነ ሆኖ ፍርድ ቤት ይድረስልኝ፣ ዳኛው ይየው። ወልደጻድቅ ይህን ሲሰማ ደጄን ዳግመኛ እንደማይረግጥ አውቃለሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የተረዳሁት፣ ለማንም ብዬ ያልጨመርኩበት፣ ለማንም ብዬ ያልቀነስኩበት የራሴ ቃል ነው። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በግርጌውና በተሰረዘው ቃል ጎን ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኑኃሚን ሰይፈ ሚካኤል

ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አለምብርሃን ተፈራ
አንድ ፊደል ተሰርዟል። ምስክሯ በትክክል ተናግራለች፤ በስህተት የሰማሁት እኔ ነኝ።