ካፒቴኑ ሻያ ወንዝ ላይ

አባቴ በእኔ ፈንታ ዘመተ። አሰብ ወደብ የመርከብ መጎተቻ ጀልባ ካፒቴን ነበር፤ ሮቤ ተመልሶ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዳም ካፒቴን የሚለው ስም አልለቀቀውም። ወታደሮች እኔንና ሌሎች ወጣቶችን ለውትድርና አፍሰው የጫኑበት መኪና ተንሸራቶ ሻያ ወንዝ ገባ። ውሃው ሲሞላ አባቴን ከነትራክተሩ ጠሩት። መኪናውን ከትራክተሩ ጋር በገመድ አሰረ፤ ገመዱን በኃይል አልሳበውም፤ መርከብ እንደሚጎትት ቀስ እያለ አጠበቀውና ሁላችንንም ዳር አወጣን። እንዲያ ያለ ትዕግሥት ዳግም አላየሁም።

«ምን እናድርግልዎ፣ ካፒቴን?» አለው የወታደሮቹ አዛዥ ሻምበሉ።

«ያ ልጄ ነው። አውርድልኝ።»

«ሰው ይጎድልብኛል።»

«ወላሂ አይጎድልብህም።»

አባቴ እኔን አውርዶ የትራክተሩን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና በቦታዬ መኪናው ላይ ወጣ።

«ሽማግሌ ነዎት እኮ» አለ ሻምበሉ።

«ሹፌር አያስፈልጋችሁም?»

ሻምበሉ እሺ ብሎ ጋቢና ገባ።

«ለእናትህ አመሻለሁ በላት» አለኝ አባቴ።

መኪናው ሄደ። እኔና ትራክተሩ ወንዙ ዳር ቀረን።