ጋሽ ካሜራና የደከመው ኮምፒውተር

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። እሳቸው ኮምፒውተራቸውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ የሕንፃችን ደረጃ መሐል ላይ ቆመው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

ጋሽ ካሜራ ብሎ የሰየማቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሠርግና ምረቃ ሲቀርጹ፣ የቀረጹትንም ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ሥራውንም ሰውንም ትተው በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። እኔ የምኖረው ከበላያቸው ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሥር አንድም ኮሽታ ሳልሰማ ይመሻል።

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወይ ጥገና ቤት፣ ወይ ቆሻሻ መጣያ። ቀድሞ የተገኘው ጋ።»

ሸክሙን ተቀበልኳቸውና እዚያው ደረጃው ላይ አረፍ አልን።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ደከመ፣ እንደ ባለቤቱ። የኤዲቲንጉን ሶፍትዌር ስከፍት ሻይ ፈልቶ ተጠጥቶ ያልቃል፣ እሱ ገና ይከፈታል። አንድ ቦታ ልቁረጥ ስል ቀጥ ይላል። ነቃ አለ ስል ደግሞ ራሱን ይዘጋና የሠራሁትን ሁሉ ይዞብኝ ይሄዳል።»

«ሥራ ትቼአለሁ ብለው የለ? ለማን ነው የሚቆርጡት?»

የአንሶላውን ጫፍ ወደ ውስጥ መለስ አደረጉና፣ «ለእትዬ» አሉኝ።

እትዬ የባለቤታቸው ታላቅ እህት ናቸው። እናት ስትሞትባቸው ታናሽ እህታቸውን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። አሁን ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙም የሚመለስ ነገር እንደሌለ ነግሯቸዋል። እና ጋሽ ካሜራን አስጠርተው፣ «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ እህቴን አንዴ አሳየኝ። ፎቶ አይደለም፣ ስትንቀሳቀስ» ብለዋቸዋል።

«እኔም እሺ አልኩ» አሉ ጋሽ ካሜራ። «የሰው ሚስት ሁሉ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ሚስት ማሳየት ያቅተኛል ብዬ መቼ አስቤ።»

የወንድማቸው ልጅ የፊልም ቅንብር ተምራ ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ እንደምትሠራ አውቃለሁ። ለምን እሷን እንዳልጠሩ ብጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«መጥታ ነበር። ገና እንደተቀመጠች ‘ይራገፍ፣ ይከፈት፣ ኮፒ ይደረግ’ ማለት ጀመረች። የዛሬ ልጅ ሁሉን ነገር ማራገፍ ነው የሚያውቀው። ሻይዋን ሳትጨርስ ሸኘኋት።»

«ሸኟት ነው ወይስ አባረሯት?»

«ያው ነው፤ በሩ አንድ ነው» አሉ።

በዚያ ቀን የቻልኩትን ያህል መከርኳቸው። መጨረሻ ላይ፣ እኔም አብሬ ከተቀመጥኩ ልጅቱ እንድትመጣ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ሰው እልኸኛ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ከእልኹ ይልቅ ፍርሃቱ ይበዛል። የቀረውን ጥቂት ነገር የሚነካበት ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል።

ልጅቱ እሑድ መጣች። ክፍሉ መጋረጃው እንደተዘጋ ነበር። ኮምፒውተሩ ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያጓራል፤ አጠገቡ የዳቦ መሶብ የሚያህል ክምር የቆየ ልብስ አለ። ፊልሞቻቸውን የሚያስቀምጡባት የውጭ ዲስክ ግን ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የጋሽ ካሜራ ዕድሜ ሁሉ ያለው እዚያች ዲስክ ውስጥ ነው።

«አጎቴ፣ ዛሬ ምንም አልነካም» አለች ልጅቱ። «እርስዎ እንደሚሠሩት ይሥሩ፣ እኔ ልይ።»

ዲስኳን ሰክተው ሶፍትዌሩን ከፈቱ፤ ጠበቅን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሥዕሉ መጣ። ባለቤታቸው ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው፣ ወደ ካሜራው እየሳቁ «ዞር በልልኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ፊታቸው ቆመ። ድምፃቸው ግን ሄደ። የቆመ ፊት እያየን፣ ከሱ ቀድሞ የሚሄደውን ሳቅ ሰማን። ጋሽ ካሜራ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አሉ።

ልጅቱ ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየውን መስኮት ከፈተችና አሳየቻቸው። «ይኸውልዎት አጎቴ። የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ በሠርግ ፊልም አፉ ድረስ ሞልቷል። ይህ ሶፍትዌር ሲሠራ ለጊዜው የሚያስቀምጣቸው ነገሮች አሉ፤ ማስቀመጫ ሲያጣ ይቆማል። እነዚህ ደግሞ ሳይጠሯቸው አብረው የሚነሱ፣ እርስዎ የማይጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ጉልበቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው።»

«እነሱን ዝጊ፣ አልቃወምም። ፋይሌን ግን አላጠፋም። የሰው ሠርግ ነው፤ አደራ ነው።»

«አደራ ከሆነ ለባለቤቱ ለምን አይመለስም? ተጋቢዎቹ በሕይወት አሉ፣ ልጆቻቸው አሉ። ይጥፋ አላልኩም፣ ወደ ቤቱ ይሂድ ነው የምለው። እስከዚያ ድረስ ባመጣሁት አዲስ ዲስክ ላይ እንቀዳዋለን። ሳይቀዳና ቅጂው መከፈቱ ሳይረጋገጥ አንድም ነገር አይነሳም።»

ይህችን መልስ አልጠበቋትም። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ልጅቱ ያለችው ከአደራ ሕግ ጋር የሚጣላ አይደለም አልኳቸው።

«ሳጥኑስ ለምን ይከፈታል?» አሉ ቀጥለው። «እኔ የሚሠራ ነገር አይነካም እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«አሁን እኮ አይሠራም፣ አጎቴ።»

ሳጥኑ ተከፈተ። ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ በአንድ ላይ ተገፎ ወጣ። ኮምፒውተሩ በጋለ ቁጥር እንዳይቃጠል ብሎ ሆን ብሎ ሥራውን እንደሚያዘገይ ልጅቱ አስረዳች። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋ ዘጋችውና ከወለሉ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው አራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ማጓራቱ ቀነሰ። ጋሽ ካሜራ አቧራውን በወረቀት ሰብስበው፣ «ይህን ሁሉ እየዋጠ ነው እንዴ ሲያገለግለኝ የነበረው» አሉ ቀስ ብለው።

ትልቁ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጅቱ የፊልሞቹን ቀጭን ኮፒ፣ ማለትም ጥራቱ የቀነሰና ክብደቱ የቀለለ ቅጂ፣ አዘጋጅተን በሱ እንቁረጥ ስትል ሽማግሌው እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«የደበዘዘ ፊቷን እያየሁ ልቁረጥ? ዓይናቸው ለሚጠፋ ሴት የደበዘዘ ነገር ላሳይ?»

«እሳቸው የሚያዩት ዋናውን ነው። ቀጭኑ ለሥራ ብቻ ነው፤ ሲጨርሱ ሶፍትዌሩ ራሱ በየቦታው ዋናውን ይተካዋል። ኮምፒውተሩ አሁን የሚንገዳገደው ያን ሁሉ ክብደት ከዚህች ዘገምተኛ ዲስክ በየሰከንዱ እየጎተተ ስለሆነ ነው። ደግሞ…» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አጎቴ፣ ባለቤትዎን የቀረጹትን በሙሉ ነው አንድ ላይ የደረደሩት። ገበያ ሲወጡ፣ አልጋ ላይ ሲሆኑ፣ ሲተኙ ሁሉ። ይህን የሚሸከም ማሽን የለም።»

«የቱን ልተው?» አሉ ጋሽ ካሜራ። «አንቺ ንገሪኝ እስቲ። የቱን?»

የኮምፒውተሩ ሕመም ግማሹ እዚያ ላይ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አቧራ በብሩሽ ይጠረጋል፤ መምረጥ ያልቻለ ልብ ግን በብሩሽ አይጠረግም።

«መጀመሪያ እንቅዳው፤ መምረጡ ይደርሳል» ብዬ ገላገልኳቸው።

በፎጣ ትጠቀለል የነበረችውን ዲስክ መቅዳት ተጀመረ። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ ከዚያ አንዱ ላይ ቆመና ሊነበብ አልቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ልጅቱ ገመዱን ቀየረች፣ የራሷን ላፕቶፕ ሞከረች፤ ያው ነው። ጋሽ ካሜራ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አነበቡ። ሁለቱ እህትማማቾች ሐይቅ ዳር የዋሉበት ቀን ነበር። አብረው ያሉበት ፊልም እሱ ብቻ ነው።

«እንደገና ሞክሪ» አሏት።

ሞከረች። በሚቀጥለው ሳምንት የተበላሸ ዲስክ የሚያድን ባለሙያ ዘንድም ወሰደችው። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፣ ያ ግን የለም ተባለ።

ይህንን የነገረቻቸው እኔ ባለሁበት ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ከተበላሸ ስንት ጊዜው ይሆን?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«አይታወቅም አጎቴ። ዲስክ ሲታመም አይናገርም።»

«እኔ ግን አለ ብዬ ነበር የምተኛው» አሉ። «በፎጣ እየጠቀለልኩ። የሌለ ነገር ስጠብቅ ኖሬአለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ፎጣውን አጥፈው አስቀመጡና፣ «የቀረውን እንዳልሽው አድርጊው። ሁለት ቦታም ይሁን ሦስት ቦታ ቅጂው» አሏት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሻይ ለማፍላት ጊዜ አልተገኘም። ቀጭኑ ኮፒ ያለችግር ይሄዳል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ነገር ግን ሥራው ስለፈጠነ ቀላል ሆነ ማለት አይደለም። ቀድሞ ማሽኑ ሲቆም እሳቸውም ያርፉ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ይጠብቃቸዋል እንጂ አይጠብቁትም። አንዳንድ ጊዜ አንዲት ቁራጭ ላይ እጃቸውን አንስተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ልጅቱ «ከዚህ የሚቀረው አይጠፋም፣ ዲስኩ ላይ አለ» ብላ ብቻ ታስታውሳቸዋለች። በዚህች ቃል ነው መምረጥ የቻሉት።

ፊልሙ አጭር ሆነ። እትዬ ቤት ወስደን አሳየናቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው፣ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው በቀረችው የዓይናቸው ጠርዝ ተመለከቱ። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ። ከዚያ፣ «እኔና እሷ አብረን ያለንበት የለም? ሐይቁ ዳር?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ካሜራ መዋሸት ይችሉ ነበር። «ነበረ እትዬ። ሌላ ቦታ ሳልቀዳው ተበላሸብኝ» አሏቸው።

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ካሜራን ጉልበት ፈለጉ፣ አገኙት። «እኔ ግን አስታውሳለሁ» አሉ። «ጫማዋን ውኃው ወስዶባት በእኔ ጫማ ነው የተመለሰችው። እኔ በባዶ እግሬ። ልንገርህና ቅዳው።»

ልጅቱ ስልኳን አወጣች፤ እትዬም ሐይቁ ዳር የዋሉበትን ቀን ከመነሻው እስከ ማምሻው ነገሩን። ክረምቱ ሳያበቃ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት እንደ ጋሽ ካሜራ ቤቱን ዘግቶ በዘገየ ኮምፒውተር ለሚናደድ ሁሉ ነው። የደከመ ማሽን ሁሉ አላረጀም። ዲስኩ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ፣ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን መዝጋት፣ አቧራውን መጥረግ፣ በቀጭን ኮፒ መሥራት ብዙ ዕድሜ ይጨምርለታል። የሚወዱትን ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ አስቀምጦ ጠበቅኩት ማለት አይቻልም። ጋሽ ካሜራ ዛሬ ይህንን ለአሮጌ የሙያ ጓደኞቻቸው በስልክ ሲመክሩ ወለሉን አልፎ ይሰማኛል። የሠርጎቹንም ፊልም ለየባለቤቶቹ እየመለሱ ነው። በራቸው ይንኳኳል፤ ሰው ይገባል፣ ተቀምጦ ወጣትነቱን ያያል፣ አንዳንዱም የሞተበትን ያያል።

ሐዘናቸው አልቀለለም። ባለፈው ሰሞን ደረጃው ላይ አግኝቻቸው ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው፣ «ወደ እትዬ» አሉኝ። «ማየት ባይችሉም ፊልሙን ክፈትልኝ ይሉኛል። እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እኔ የማላውቀውን ይነግሩኛል።» ከዚያ የእጅ መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ።