አምስተኛው ደረጃ

ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሕንድ አገር በጀባልፑር ከተማ የቤት ባለቤት ሁሉ ግንበኛ ፍለጋ ይሯሯጣል። አቶ ሃርጎቪንድ ፓታክም ያን ዕለት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከበራቸው ቆመው፣ ለቤታቸው አምስተኛ ደረጃ ያሠሩ ነበር። ከባቡር ጣቢያ አለቃነት በጡረታ ከተሰናበቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ማዘዙ ግን አልተሰናበታቸውም። "በል ቶሎ በል! ሲሚንቶው አንተን ይጠብቃል?" እያሉ ግንበኛውን ያዋክቡታል።

የነገሩ ሥር ወዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በየጥቂት ዓመቱ አሮጌውን አስፋልት ሳያነሣ አዲሱን ከላዩ ያፈስበታል። መንገዱ ከፍ ሲል ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ሰተት ብሎ ሳሎን ይገባል። ባለቤቱ ታዲያ ደፉን ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞራል፤ ጎረቤትም በተራው ከፍ ያደርጋል። ደረጃው ሲጨመር እግሩ እየረዘመ መጀመሪያ የውሃ መውረጃውን ቦይ፣ ቀጥሎ የእግረኛውን መንገድ ይውጠዋል። ይህን ጉድ ደግሞ ክብር ይሉታል! በዚያ ሰፈር ልጃገረድ ስትታጭ የሙሽራው ቤት ስንት ደረጃ እንዳለው ሳይጠየቅ አይቀርም።

በዚህ መካከል ናምራታ ሜትሯን ይዛ በአስፋልቱ ጠርዝ ስትመጣ አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳታት። የጎረቤታቸው የሚሽራ ልጅ ናት፤ የከተማ ፕላን ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም።

"ኧረ ናምራታ! አስፋልት መሀል ምን ትሠሪያለሽ? ሊደፋሽ ነበር እኮ!"

"ዳር ዳሩን እንዳልሄድ ዳር የት አለ፣ ቻቻጂ?" አለች፤ ታላቅ ጎረቤትን «አጎቴ» ማለቷ ነው፤ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ነካች። "የእግረኛውን መንገድ እየለካሁ ነው። ከእርስዎ ቤት እስከ ቤተ መቅደሱ ሠላሳ ሁለት ቤት አለ። አስፋልት ሳልወርድ የማልፍበት አንድ ክንድ መሬት አላገኘሁም።"

"ይህን ያህል ተምረሽ የሌለ ነገር ልኪ አሉሽ?" ብለው ሳቁ።

"የጠፋው የት እንደገባ ለማወቅ ነው። ይኸው፣ ከእግርዎ ሥር አገኘሁት።"

አቶ ሃርጎቪንድ ሳቃቸውን ዋጡ። "ስሚ ልጄ፣ መጽሐፍ ሌላ ኑሮ ሌላ። የአባቴ ፎቶግራፍ ሳሎኔ ውስጥ ሲንሳፈፍ አንቺ የት ነበርሽ?"

"እውነትዎን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በድሎዎታል። ግን እርስዎ የበደለዎትን ትተው ጎረቤትዎን በደሉ። አራተኛውን ደረጃ ባሠሩ ክረምት የማን ቤት ተጥለቀለቀ?"

"የቅመም ነጋዴው። እሱም ከፍ ያድርጋ! ማን ከለከለው?"

"አደረገ እኮ። ከዚያ ውሃው ወደ እኛ መጣ። ቦዩንስ በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ማን ገብቶ ይጥረገው? የሚሸተን የገዛ ቆሻሻችን ነው፣ ቻቻጂ። ለመሆኑ ባለቤትዎ፣ ቻቺ፣ ደረጃውን ከወረዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?"

"እሷማ ጉልበቷን ያማታል። ደግሞም መውጣት አትወድም።"

"ማነው የማይወደው?" አለ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጀርባ ድምፅ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካልያኒ እዚያ መቀመጣቸውን አንዳቸውም ልብ አላሉም ነበር።

"አርባ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በእግሬ ቤተ መቅደስ ሄጃለሁ። ሦስተኛው ደረጃ ሲሠራ ግድግዳ ተደግፌ ወረድኩ። አራተኛው ሲሠራ እንደምንም ወርጄ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ፤ አውቶቡስ ሳሪዬን ጠርጎ አለፈ። ተመለስኩ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ። እህቴ ሳቪትሪ እዚሁ ስምንተኛው ቤት ታማ ስትማቅቅ አልጠየቅኋትም። አስከሬኗ ሲያልፍ በዚህ ፍርግርግ አየሁት። እርስዎ ደግሞ አምስተኛ ያሠሩልኛል!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩዎት። ባጃጅ ልጥራልሽ አሉኝ። ስምንት ቤት ለመሄድ ባጃጅ! ባጃጁ ድረስስ ማን ያወርደኛል?"

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኚህን ሰው ግን ደረጃ ነው እያሳሳቀ የወሰዳቸው። ለጎርፍ የሠሩት ግንብ ሚስታቸውን እንዳሰረ ሁለት ዓመት አብረው እየበሉ አላዩም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ግንበኛውን "ሂድ፣ በቃ" አሉት።

"እና ምን ላድርግ፣ ልጄ? ውሃው እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም።"

"ደረጃውን ወደ ግቢዎ ያስገቡት፤ የእጅ መደገፊያ ያድርጉለት። ቦዩን ይክፈቱና የሚነሣ ብረት ይጣልበት። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከእንግዲህ አሮጌውን አስፋልት ሳያነሣ አዲስ እንዳያፈስ ሠላሳ ሁለታችንም ፈርመን እንጠይቅ።"

በዘጠኝ ቀን ደረጃው ፈርሶ ወደ ግቢ ገባ። ከቦዩ ለወጣው ዝቃጭ ሁለት ጋሪ አልበቃውም። ወይዘሮ ካልያኒ መደገፊያውን ይዘው ወረዱ፤ በበራቸው ፊት በተለቀቀው መንገድ አሥራ አራት እርምጃ ተራመዱ፤ ከዚያ የቅመም ነጋዴው ደረጃ ደረታቸው ድረስ ቆሞ ጠበቃቸው። ዞሩ። አሥራ አራት እርምጃ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ተመለሱ። ሰፈሩ "ፓታክ ለሚስቱ የግል መናፈሻ ሠራላት" ብሎ ተሳለቀ። እንዲህ ያለ አፍ ይዝጋ!

አቶ ሃርጎቪንድ ግን ነጋዴው በር ሄደው እጃቸውን አጋጥመው ቆሙ።

"ወንድሜ፣ ውሃውን ወደ ቤትህ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። የምቀልድ እንዳይመስልህ፣ ቦዩን ሁላችን ብንከፍት ጎርፉ እኔም ቤት አንተም ቤት አይገባም። ትንኙ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል። ልጆችህ ለትምህርት ቤት ከመኪና ጋር አይጋፉም። ሚስቴ ደግሞ በእግሯ ቤተ መቅደስ ትሄዳለች።"

"ከክረምት በኋላ እናያለን" አለና በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ግን ቦዩ የተከፈተለት፣ ዝቅ ያለው የፓታክ ቤት ደርቆ ዋለ፤ ከፍ ያለው የነጋዴው ቤት ደጃፍ ኩሬ ሆነ። ነጋዴው መዶሻ ያዘ። ክረምቱ እስኪወጣ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ ደረጃው ወደ ግቢ ገባ፣ ቦዩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ካልያኒ በባላቸው ክንድ ተደግፈው፣ አስፋልት ሳይረግጡ፣ የእህታቸው በር ደረሱ። በሩ ተቆልፏል፤ ልጆቿ ቤቱን ዘግተው ሌላ ከተማ ገብተዋል። ወይዘሮ ካልያኒ ቁልፉን ዳሰሱት።

"ዘገየሁ" አሉ አቶ ሃርጎቪንድ።

"አዎ፣ ዘገዩ" አሉ ወይዘሮ ካልያኒ። አላጽናኗቸውም።

ሽማግሌው ሚስታቸውን ጥላ ሥር አስቀመጡና ሄደው ዘጠነኛውን በር አንኳኩ።