የአቶ ጠና ጆሮና የወፍጮው ቺንጊያ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሆሳዕና አጠገብ ባለችው ሆመቾ ፊዚክስ ሳስተምር ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ሞተር በሰሌዳ ላይ ስስል እጄ አይንቀጠቀጥም፣ እውነተኛ ሞተር ሲሽከረከር ግን አጠገቡ ቆሜ አላውቅም። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ሆሳዕና መናኸሪያ የሰማሁት ክርክር ከተከራካሪዎቹ ይልቅ እኔን ቢያስፈራኝ አይግረማችሁ።

የሆመቾ መኪና እስኪሞላ ብዬ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ወዳለችው የሀምዛ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ አልኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሀምዛ ጄኔሬተሩን ደጃፉ ላይ አስነስቶታል። እዚያው የሆመቾው ባለ ወፍጮ አቶ ጠና ከነርስ ልጃቸው ከሂሩት ጋር ቆመዋል። ሂሩት አንድ የጆሮ ማዳመጫ አባቷ ራስ ላይ ልታጠልቅ ትሞክራለች፤ እሳቸው አንገታቸውን ያሸሻሉ።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሂሩት እኔን ዳኛ አድርጋ ነገሩን ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንት ለአባቷ ምሳ አድርሳ ልትመለስ ስትል፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው ድንጋይ የሚያደርሰው ረጅሙ ቺንጊያ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ጎተታት። ጮኸች። አቶ ጠና ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ዱቄት ይሰፍራሉ፤ አልሰሟትም። ደግማ ጮኸች፤ አሁንም አልሰሟትም። ነጠላው ባይቀደድ ኖሮ ዛሬ ቆማ ባላወራችኝ ነበር። አባቷ ዘወር ሲሉ ያገኟት መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቷን ይዛ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ከሞተር አጠገብ የቆሙት አቶ ጠና ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። የመረመራቸው ሐኪም፣ ጆሯቸውን ሳይከልሉ መሥራታቸውን ከቀጠሉ ቀኙም ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል።

“እንግዲህ ፍረደኝ መምህር ኤሊያስ” አሉኝ አቶ ጠና። “አባቴ አልሰማኝም ብላ የቀረችኝን አንድ ጆሮ ልትደፍንብኝ ነው።”

እውነቱን ልናገርና በልቤ የፈረድኩት ለሳቸው ነበር። ጆሮው የደከመን ሰው ጆሮ መሸፈን፣ ያውም ቺንጊያ በሚሽከረከርበት ቤት፣ የጤና አልመሰለኝም። አቶ ጠናም ፊቴን አንብበው ኖሮ ንግግራቸውን ቀጠሉ።

“እኔ ወፍጮ የምሠራው በዓይኔ አይደለም፣ በጆሮዬ ነው። ድንጋዩ ሲግል ድምፁ ይለወጣል፤ እህሉ ሲያልቅ ይለወጣል። ቺንጊያም ሊበጠስ ሲል አስቀድሞ ይናገራል። አንጋጫ ያለው ባለ ወፍጮ ጓደኛዬ ሬዲዮ በገመድ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሠራ ቺንጊያው ገመዱን ያዘው። ገመዱን አስጥላለሁ ብሎ እጁን ሲሰድ ቀኝ እጁን አጣ። እኔ ደግሞ እጄን ብቻ አይደለም የምፈራው፤ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ የሰው ሚስትና የሰው ልጅ ይቆማል።”

“ገመድ አልባ ይሁን ያልኩት ለዚሁ ነው አባባ” አለች ሂሩት። “እኔም የምፈራው ያንኑ ቺንጊያ ነው። ግን እሰማዋለሁ የሚሉት ከልብዎ ነው? እኔ ያን ያህል ስጮህ አልሰሙኝም። ቺንጊያው ከእኔ በላይ ይጮሃል?”

አቶ ጠና ዓይናቸውን ወደ ጄኔሬተሩ አዞሩ።

ሂሩት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብላ አስረዳቻቸው። ጆሯቸውን የሚበላው ቀኑን ሙሉ የማይቋረጠው የሞተሩ ወፍራም ድምፅ ነው። ጥጥ ቢወትፉ የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም እኩል ይጋርድባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ማዳመጫ ግን በውጭ በኩል ማይክሮፎን አለው፤ ያንን የማይቋረጥ ድምፅ ይሰማና የሚያጣፋውን ተቃራኒ ድምፅ ከውስጥ ይሰጣል። ድንገት የሚመጣ ድምፅንና የሰው ንግግርን ግን ያን ያህል አያጠፋም። አቶ ጠና “እንዲህ ያለ ነገር አለ?” በሚል ዓይን አዩኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ትምህርት መሆኑን አፍሬ መሰከርኩ።

ሀምዛ መጀመሪያ ያወጣው ሂሩት በእጇ የያዘችውን ርካሹን ነበር። ካርቶኑ ላይ ጫጫታ ያጠፋል ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ሂሩት ሙዚቃ ሳትከፍት አጥልቃው ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆመችና የማዳመጫውን ማብሪያ ነካች፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ቢበራም ቢጠፋም ጄኔሬተሩ ያው ጄኔሬተር ነው። ሀምዛ ግን ሙዚቃ ከፍተን እንድንሞክረው ለመነን።

“ሙዚቃ ከተከፈተማ የትኛውም ማዳመጫ ጫጫታ ይሸፍናል” አለችው። “ያ ግን በጫጫታ ላይ ሌላ ጫጫታ መጨመር ነው። ማብሪያው ሲነካ ለውጥ ከሌለ የተሸጠልን ካርቶኑ ነው።”

ሀምዛ እሱም ከጅምላ ነጋዴ በካርቶኑ አምኖ እንደገዛው ነገረን፤ አንገቱን ሲደፋ አሳዘነኝ። ሁለተኛው ስሙ የገነነ ዕቃ ሲሆን ዋጋው አንዲት ጊደር ያስገዛል፤ ሂሩት እጇንም አላሳረፈችበትም። ሦስተኛው ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ትራሱ ለስላሳና ጆሮን ዙሪያውን የሚከድን፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሙሉ የሥራ ቀን የሚቆይ ነው። ዋጋው የአንድ ቺንጊያ ዋጋ አይሞላም። ሳበራው ጄኔሬተሩ ከግድግዳ ጀርባ የሄደ መሰለኝ፣ የሀምዛ ንግግር ግን ይሰማኛል።

አቶ ጠና በግድ አጠለቁት። ወዲያው ፊታቸው ተለዋውጦ ነቀሉት።

“ጄኔሬተሩ የጠፋ መሰለኝ” አሉ። “እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ያለው ነገር የሌለ ሲመስል።”

“መፍራትዎ ልክ ነው” አለች ሂሩት። “ስለዚህ ቺንጊያው በእንጨት ሳይታጠር ማንም አጠገቡ አይቆምም። ለፋብሪካ ሠራተኛ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መከላከያ ባገኝ ኖሮ እሱን ነበር የማስቀድመው፤ ከተማውን ዞሬ አጣሁ። እስክናገኝ ድረስ ግን ጆሮዎ አይጠብቀንም።”

በመጨረሻ ሀምዛ፣ ካልተስማማቸው እስከ ቅዳሜ እንዲመልሱት ፈቀደላቸውና ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስንዴዬን አስይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፤ እንደ ልማዴም በር ላይ ቀረሁ። አቶ ጠና ሰውን ሁሉ ከውጭ አቁመው ማዳመጫውን አጠለቁ። ማብሪያውን በጣታቸው ፈልገው አገኙት። ሂሩት ሞተሩን በምታጠፋበት በኩል ቆማለች። ሞተሩ ተነሳ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ።

ጸሎቱን ሳላጋምስ አቶ ጠና እጃቸውን አነሱ። ሂሩት ሞተሩን አጠፋችው።

“ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አለ” አሉ።

እኛ ምንም አልሰማንም። ዕቃው የራሱን ድምፅ እየሰጠ ይሆናል ብዬ ሀምዛን በልቤ ረገምኩት። አቶ ጠና ግን ቺንጊያው እስኪቆም ጠብቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው ዳሰሱት። ሁለቱ ጫፎች የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከአምስቱ ስፌት ሦስቱ ተበጥሰው፣ የተላቀቀው ጫፍ በዞረ ቁጥር አጠገቡ ያለውን የእንጨት ምሰሶ ይመታ ነበር። ተበጥሶ ቢወረወር የሚያርፈው ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነው። አግዳሚውን አየሁት፤ ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ እዚያ ተቀምጣ ነበር።

አቶ ጠና ከስንዴ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። “ስንት ቀን ሲናገር ኖሯል?” ብለው ጠየቁ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የፊዚክስ መምህሩ ያልመከርኩትን ልጅቷ መከረች፤ አሁን እንኳ ልድገመው። የሞተሩ ጫጫታ ጆሮን የሚያደክመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ የጎደለውን ሳያውቅ ይኖራል፤ አቶ ጠናም ጆሯቸውን የሚያምኑት በዱሮው ልክ ነበር። ማዳመጫ የምትገዙ በካርቶን ጽሑፍም በስምም አትታለሉ፤ ጫጫታ ባለበት ቦታ ያለ ሙዚቃ አብሩና አጥፉ፣ ሰውም ያናግራችሁ። ገመድ ያለው ዕቃ ቺንጊያ ካለበት ቤት ጨርሶ አይግባ። ደግሞም ማዳመጫው ከሞተሩ ጫጫታ ያሳርፋል እንጂ አጥር አይሆንም፤ አጥሩን ሳይሠሩ እሱን ብቻ አጥልቆ መቆም ሌላ ጥፋት ነው። ይህን ሁሉ የምላችሁ እስካሁን በር ላይ የምቆም ፈሪ ነኝ።

በሳምንቱ ስመለስ ቺንጊያው በአዲስ ስፌት ተጋጥሞ ዙሪያው በጣውላ ታጥሯል። ሞተሩ እየሠራ፣ አቶ ጠና ማዳመጫውን አጥልቀው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሂሩትን ከበስተቀኛቸው ሆና ሳትጮህ አንድ ነገር እንድትነግራቸው ጠየቋት። እሷም ጠጋ ብላ ተናገረች። ምን እንዳለች ያኔ ከበር ላይ አልሰማሁም፤ በኋላ ነው የነገረችኝ።

“አባባ፣ ያን ዕለት የምሞት መስሎኝ ነበር” ነው ያለችው።

አቶ ጠና ዱቄት መስፈራቸውን አቆሙ። ወደ እሷ ሳይዞሩ፣ የራሱን ድምፅ መጠን ስቶ እንደሚናገር ሰው በጣም ጮክ ብለው መለሱላት፤ ያንን ግን እኔም ከበር ላይ ሰማሁት።

“ሰማሁሽ ልጄ” አሉ።