የአሥራ ሰባት ቁጥር ግራ ትከሻ

(ሜልቦርን፤ የአንድ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለብ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ትጥቅ ያዡ ቢተው በሩ ላይ ቆሟል፣ አጣቢዋ እትዬ ስንቅነሽ ፎጣ ያጥፋሉ፣ ከበላያቸው የሟቹ ልጃቸው የአቤኔዘር 17 ቁጥር ማሊያ ተሰቅሏል።)

ስንቅነሽ፦ አልደረቀም አልኩህ እኮ።

ቢተው፦ እትዬ ስንቅነሽ፣ ከሰኞ ጀምሮ ተሰቅሏል! ሥጋ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቋንጣ ሆኖ ነበር።

ስንቅነሽ፦ የሜልቦርን አየር ነዋ። በአንድ ቀን አራቱንም ወቅት ያሳይሃል፤ አንዱም ግን ጨርቅ አያደርቅም።

ቢተው፦ ያለነው ቤት ውስጥ ነው። ከጀርባዎ ያለው ደግሞ አንድ በግ ከነጸጉሩ የሚያደርቅ ማሽን ነው።

ስንቅነሽ፦ እንግዲያው በጉን አምጣና ለአዲሱ ልጅ አልብሰው።

ቢተው፦ አያሹፉብኝ፣ እባክዎ። አዳራሹ ሞልቷል። ካሜራ ተተክሏል። አሰልጣኙ ክራቫት አስሯል፤ ያ ሰውዬ ለገዛ ሠርጉ እንኳ አላሰረም ነው የሚባለው። 17 ቁጥርን የሚረከበው ኮነር ደግሞ እናትና አባቱ ከስንዴ እርሻቸው ድረስ መጥተውለት፣ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። "ማሊያውንም እሷንም ይዘህ ና" ብለው ነው የላኩኝ።

ስንቅነሽ፦ በክለቡ ሱቅ ውስጥ ስንት ማሊያ ተደርድሯል፤ ለሕፃን አለ፣ ለውሻ ሳይቀር አለ። አንዱን ያውርዱና 17 ይለጥፉበት።

ቢተው፦ የቤቱን ወግ እያወቁት! እዚህ ክለብ ቁጥር ከሱቅ አይወርድም። የቀድሞው ባለቁጥር የለበሰውን ማሊያ በገዛ እጁ ለአዲሱ ያለብሳል። ከጥንት እንዲህ ነው የኖረው።

ስንቅነሽ፦ ታዲያ ባለቁጥሩን ጥሩትና ያልብሰው።

ቢተው፦ እሱ ከሌለ እናቱ ታልብሰው ተባለ።

ስንቅነሽ፦ ያቺ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ቅድም መጥታ ነግራኛለች። "ስታለብሺው ትንሽ እንባ ቢኖር ደስ ይለናል፤ ግን ራስሽን አታስጨንቂ" አለችኝ። እንባውን ከየትኛው በርሜል ልቅዳላት?

ቢተው፦ ክፋት የላትም፤ ሥራዋ ነው።

ስንቅነሽ፦ አውቃለሁ። የክለቡ የሥነ ልቦና አማካሪውም ሥራው ነው። ልጄን ቀብሬ ስመለስ የጎማ ሎሚ ሰጠኝ። "ሲከፋሽ ጭመቂው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስጨምቅ ለምውል ሴትዮ!

ቢተው፦ የት አደረጉት ታዲያ?

ስንቅነሽ፦ ሦስተኛው ማሽን ሲንቀጠቀጥ ከእግሩ ሥር ወሸቅኩት። እሱንም አላረጋጋው።

ቢተው፦ ሦስተኛውን ማሽን አያንሱብኝ። ትናንት ማንም ሳይነካው ተነሳ።

ስንቅነሽ፦ የአቤኔዘር ነዋ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር የቤት ሥራውን የሚሠራው። ከዚያ ካልሲ ይጠቀልልና በኮሪደሩ እየጠለዘ ይሮጣል። "በእጃችሁ ታቅፋችሁት እየሮጣችሁ፣ ይሄ እንቁላል የመሰለ ነገር ምኑ ነው እግር ኳስ?" ስለው፣ "እማ፣ ይሄ ጨዋታ ደግ ነው" ይለኛል፤ "በመሃለኞቹ ቋሚዎች ካስገባሽ ስድስት ነጥብ፣ ስተሽ በጎን ቢያልፍም አንድ ይሰጡሻል።"

ቢተው፦ ለእኔም እሱ ነው ሕጉን ያስተማረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይገባኝ ነበር ማሊያ የማድለው።

ስንቅነሽ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ታኬታው አሁንም ይሰማኛል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ እዚህ በር ድረስ ይመጣና ይቆማል። አይገባም።

ቢተው፦ እትዬ...

ስንቅነሽ፦ ጭቃ ይዞ እንዳይገባብኝ ሁልጊዜ እጮህበት ነበር። ያን አልረሳም መሰለኝ።

ቢተው፦ ለዚህ እኮ ነው! ይሄ ነገር ይብቃ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ከ17 ቁጥር ሳጥን አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። በሩ አልዘጋ ይላል። ያ አንገቱ እንደ ኮርማ የሆነው አምበላችን እንኳ ሲያልፍ ማማተብ ጀምሯል፤ ያውም በግራ እጁ። ማሊያው ሰው ትከሻ ላይ ይረፍ፤ እርስዎም ይረፉ።

ስንቅነሽ፦ እነሱ ያሳርፉኝ? በአርባው ሰሞን ያደረጉትን ረሳኸው? ደጋፊዎቹ ፊቱን በዚያ ግድግዳ በሚያህል ወረቀት ላይ ሣሉት። "ለመታሰቢያው ነው፣ ነይና እይ" ብለው መቀመጫ ሰጡኝ። እውነትም ልጄን መስሏል፤ ጥርሱ እንኳ አልቀረም። አምላኬን አመሰገንኩ። ፊሽካ ሲነፋ ተጫዋቾቹ ሁሉ እየሮጡ መጥተው ቀደውት አለፉ!

ቢተው፦ ልማዱ ነው እኮ፤ ወደ ሜዳ ሲገቡ ወረቀቱን በጥሰው ነው የሚያልፉት። ለሁሉም እንዲሁ ነው። ማንም አላሰበውም።

ስንቅነሽ፦ ማሰብስ አላሰቡትም። አንድ ዓይኑ በነፋስ እየተንከባለለ መጣና አጥሩ ሥር አጠገቤ ቆመ። እያየኝ።

ቢተው፦ በስመ አብ።

ስንቅነሽ፦ አሁን አንድ ነገር መልስልኝና ማሊያውን ውሰድ። ማንም የማይለብሰው ልብስ ሰኞ ሰኞ ቅርጫቴ ውስጥ ጭቃ በጭቃ ሆኖ የሚገኘው ለምንድን ነው?

ቢተው፦ አቧራ ይሆናላ።

ስንቅነሽ፦ ሣር ያለበት አቧራ?

ቢተው፦ ከሌሎቹ ጋር ሲነካካ... ክፍሉ ሞቀ እንዴ?

ስንቅነሽ፦ እንካ ፎጣ፣ ላብህን ጥረግ። አንተ ካልነገርከኝ እኔ ልንገርህ። ሥራ የተመለስኩ ሰሞን የጨዋታ ማሊያ ስትደረድር ከለመደ እጅህ የሱንም ደርድረህ ኖሯል። ሳይለበስ ከቆሸሹት ጋር መጣልኝ፤ አጠብኩት። በሚቀጥለው ሰኞ አጣሁትና "የአቤኔዘርስ?" አልኩህ። ፊትህ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰኞ ጎድሎብኝ አያውቅም።

ቢተው፦ ንጹሕ አድርጌ ባመጣሁት ቀን "ይሄ ምኑ ይታጠባል?" ብለው አንገትዎን ደፉ። ያን ማየት አልቻልኩም።

ስንቅነሽ፦ እና ምን አደረግክ?

ቢተው፦ ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ሜዳው መሃል ወስጄ ጭቃው ላይ አሸው ጀመር። ተንበርክኬ። አንድ ቀን ሣር ቆራጩ ደረሰብኝና "ምን እየሠራህ ነው?" አለኝ። የሃይማኖት ጉዳይ ነው አልኩት። ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ማሽኑን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው።

ስንቅነሽ፦ ኪኪኪ! አንተን ብሎ መናኝ!

ቢተው፦ እንኳንም ሳቁ። መቼ ነው ያወቁብኝ?

ስንቅነሽ፦ የመጀመሪያው ቀን። ቀኝ ትከሻውን ነበር ያቆሸሽከው።

ቢተው፦ ቢሆንስ?

ስንቅነሽ፦ አቤኔዘር በቀኙ ወድቆ ያውቃል? ልጅ ሳለ ከብስክሌት ወድቆ ቀኝ እጁ ከተሰበረ ወዲህ ቀኙን ይሰስታል። ኳሷን ፍለጋ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፍና ሲወርድ በግራው ነው። ስንት ዓመት ግራ ትከሻ ስፈትግ ኖሬያለሁ! የመጨረሻውም ቀን በግራው ነው የወረደው። ያን ቀን ግን አንገቱ ከሥሩ ቀረ።

ቢተው፦ እኔ መስመሩ ላይ ነበርኩ። ይነሳል ብዬ ፎጣውን ዘርግቼ ጠበቅኩት።

ስንቅነሽ፦ አይቼሃለሁ። ሐኪሞቹ ከበውት፣ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ይዞ፣ አንተ ፎጣ ዘርግተህ።

ቢተው፦ አሁንም ያው እንደዘረጋሁ ነኝ መሰለኝ።

ስንቅነሽ፦ ለዚህ እኮ ነው ያጠብኩልህ።

ቢተው፦ ለእኔ?

ስንቅነሽ፦ ለማን ሊሆን ታዲያ? እኔ ልጄን በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ። ሜዳ ላይ የቀረኸው አንተ ነህ። ሰኞ ከሰዓት መጥተህ ማሊያው ንጹሕ ሆኖ ተሰቅሎ ስታየው ትንፋሽህ መለስ ይላል። ይህቺን ልከልክልህ?

ቢተው፦ እኔ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ በዚያ ሁሉ ዝናብ... ጉንፋን እየያዘኝ...

ስንቅነሽ፦ ስተሃል፣ ልጄ። ግን በዚህ ጨዋታ የሳተም አንድ ነጥብ አለው።

ቢተው፦ እንግዲያው ጨርሰናል። ለእኔ ብለው ካጠቡት፣ እኔ በቃኝ ብያለሁ። ይስጡኝና ልሂድ።

ስንቅነሽ፦ አልሰጥም።

ቢተው፦ ምነው!

ስንቅነሽ፦ ኮነርን ስለምወደው ነዋ። ከልምምድ በኋላ እየመጣ ፎጣ ያጥፍልኛል። አጥፋፉ የወደቀ ድንኳን ነው የሚመስለው፤ ሲወጣ ጠብቄ ደግሜ አጥፋለሁ። ስሜን መጥራት ቢያቅተው ሲንኪ ይለኛል። ሲዘል ደግሞ አይቼዋለሁ። ያው ነው፤ ሰማይ ላይ የሚቀር ነው የሚመስለው። ይሄን ቁጥር ጀርባው ላይ አድርጌ፣ እናቱ እያየችኝ፣ ወደዚያ ሜዳ ልልቀቀው?

ቢተው፦ ቁጥር ሰው አይገድልም።

ስንቅነሽ፦ አንተስ የ17 ቁጥሩን ሳጥን ለምንድን ነው ከሩቅ ቆመህ በመጥረጊያ እንጨት የምትዘጋው?

ቢተው፦ እሺ። ምን ብዬ ልመለስ?

ስንቅነሽ፦ አልደረቀም በላቸው። ይልቅ የባለፈው ሳምንት ገርሞኛል። በስተመጨረሻ ግራውን አገኘኸው። ጭቃው ከትከሻው እስከ ብብቱ፣ ልክ እንደሱ። እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ለጥቂት ጊዜ ራሱ መሰለኝ።

ቢተው፦ የቱ ነው የባለፈው ሳምንት?

ስንቅነሽ፦ ሰኞ ያጠብኩት ይሄው።

ቢተው፦ እትዬ ስንቅነሽ፣ ቅዳሜ እኮ ቡድኑ ፐርዝ ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ። ማሊያውን ንጹሕ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ ሰቅዬው ነው የሄድኩት፤ እንደ ሌላው ጊዜ ተመልሼ ጭቃ ለማስነካትም አልደረስኩም። ሰኞ እዚህ ሲንጠባጠብ ሳየው፣ እንዲሁ አጥበውት ይሆናል ብዬ ተውኩት እንጂ።

ስንቅነሽ፦ አትቀልድብኝ።

ቢተው፦ ሚካኤልን!

ስንቅነሽ፦ ከቅርጫቱ ነው ያወጣሁት። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

ቢተው፦ በሩን ልክፈተው?

ስንቅነሽ፦ ክፍት ነው።

ቢተው፦ ማሽኑ ነው አሁን ቀጭ ያለው?

ስንቅነሽ፦ ጥርሴ ነው። ዝም በልና ላስብበት። ማሊያውን አውርድልኝ።

ቢተው፦ እኔ? አልነካውም!

ስንቅነሽ፦ ዓመት ሙሉ ስታሸው ከርመህ! ዞር በል፣ ራሴ አወርደዋለሁ። አንገትጌው ስፌት ላይ አንድ ነገር ተጠልፎ ነበር፤ ሰኞም አይቼው ክር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ና ወደ መብራቱ። ምን ይታይሃል?

ቢተው፦ ፀጉር ነው። ቀይ ፀጉር።

ስንቅነሽ፦ እዚህ ቤት እሳት የመሰለ ራስ ያለው ማነው?

ቢተው፦ ኮነር። ሳይመረጥ ቀርቶ ፐርዝ አልሄደም። ቁጥሩ ለሱ እንደሚሆን የተነገረውም ባለፈው ዓርብ ነው።

ስንቅነሽ፦ ማንም በሌለበት ሜዳ ብቻውን ለብሶ፣ ብቻውን ሲዘል...

ቢተው፦ ፈርቶ ይሆናል። ይሆነኝ ይሆን ወይ ብሎ ይሆናል። እርስዎ ፊት ደፍሮ ከመልበሱ በፊት።

ስንቅነሽ፦ በግራው ነው የወደቀው፣ ቢተው።

ቢተው፦ አዎ።

ስንቅነሽ፦ ብከለክለውም ለብሶታል ማለት ነው። ቁጥሩም ባይኖርበት በግራው መውደቁ አልቀረም።

ቢተው፦ እና የታኬታውም ድምፅ እሱ ኖሯል!

ስንቅነሽ፦ እሱ አንድ ቀን ነው የለበሰው፤ ታኬታው ዓመት ሆኖታል። ታኬታውን ተውልኝ። እሱ የኔ ነው።

ቢተው፦ እሺ። ይቅርታ።

ስንቅነሽ፦ በል ልጁን ጥራልኝ።

ቢተው፦ ሊያለብሱት ነው? ተመስገን! በሉ ካሜራዎቹ...

ስንቅነሽ፦ አዳራሹ ይቆይ፤ ካሜራውም ክራቫቱም ይጠብቅ። ወደ ሜዳው ይምጣ። አንተ ደግሞ ከጂሙ ያንን ወፍራም ፍራሽ ተሸክመህ ና።

ቢተው፦ ፍራሽ ምን ሊሠራ?

ስንቅነሽ፦ አንተ ትገፈትረዋለህ፤ እኔ አያለሁ። በቀኙ መውደቅ፣ አገጩን ወደ ደረቱ መሰብሰብ እስኪለምድ ይቺን ማሊያ ከእጄ አያገኛትም።

ቢተው፦ እትዬ፣ ክለቡ እኮ ለመዝለሉም፣ ለመምታቱም፣ ለእንቅልፉ ሳይቀር አሰልጣኝ ቀጥሮለታል። እርስዎ ደግሞ መውደቅ ሊያስተምሩት?

ስንቅነሽ፦ አቤኔዘርን እናንተ መዝለል አስተማራችሁት፤ እኔም በወደቀ ቁጥር "ተነስ! ተነስ!" እያልኩ መነሳት አስተማርኩት። መውደቅን ያስተማረው ግን አልነበረም።