ጉማሬውን ያለ ድምፅ ያነበብሁ ጊዜ

እኛ በጉልበታችን ዘመን፣ ልጄ፣ እዚህ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ስንሠራ፣ ወሬ በጆሮ አይሰማም ነበር። ምን ያስቅሻል? ጻፊው፣ እውነቴን ነው! ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ ሲል ጣራው የሚወርድ ይመስላል፤ ታዲያ አጠገብሽ ያለው ሰው ቢጮህም አትሰሚው፣ እና በከንፈርና በእጅ ነበር የምንነጋገር። ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች፣ ከእኔ ማሽን ትይዩ። አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች "ምሳ ምን ይዘሃል?" ትለኛለች። እኔም በከንፈሬ "ሽሮ" እላታለሁ። "ዛሬም?" ትልና ትስቃለች። ሳቋም አይሰማም። ይህን ያዥልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጄን ሰብለን ታውቂያታለሽ። እሷና ባሏ ቢሮ ይውላሉ፣ ልጆቹን ባጃጅ ከትምህርት ቤት ያመጣቸዋል፣ ከዚያ እስኪመሽ እኔ ነኝ የምጠብቃቸው፣ እዚሁ ዘንዘልማ፣ እዚሁ ቤት። ሔመን ስድስት ዓመቷ ነው፣ ናሆም አምስት። እሷ ሶፋ ላይ ስትዘል እሱ ከጠረጴዛ ሥር ይወጣል፤ እሱን ይዤ ሳስቀምጥ እሷ መስኮቱ ላይ ናት። ታዲያ አንድ እሑድ ማታ ሰብለ መጣችና፣

"አባዬ፣ የናሆም መምህርት ጠርታኝ ነበር፤ ተረት ሲነበብ አይሰማም፣ አይቀመጥም አለችኝ። እርስዎም ደክመዋል። እስከ ማታ የሚይዝ የሕፃናት ማቆያ አግኝቻለሁ" አለችኝ።

"እኔስ?" አልኋት።

"እርስዎማ ያርፋሉ። ከፈለጉም ዱርቤቴ ወንድምዎ ዘንድ ይሰነብታሉ።"

ያርፋሉ! ዕረፍት ምን ያደርግልኛል? እነዚህ ልጆች ከሄዱ ቀኑን ከማን ጋር ልዋለው፣ ከግድግዳው ጋር? እና አፌ ቀደመኝ፤ "እስከሚመጣው እሑድ ስጪኝ። አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካልሰሙልኝ ውሰጃቸው" አልሁ።

መጽሐፉ ውሃ የሚፈራ የጉማሬ ግልገል ታሪክ ነው። ሰኞ "ቁጭ በሉ!" አልሁ፣ ቁጭ አሉ። "ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ትንሽ ጉማሬ..." ከማለቴ ናሆም ተነሣ።

"አባባ፣ ዓባይ ድልድዩ ጋ ያየነው ነው?"

"አይደለም፣ ቁጭ በል!"

"አባባ፣ እኔ ጉማሬ ነኝ!" ብሎ ከሶፋው ላይ ዱብ! ሔመን ተከተለችው፣ ዱብ! እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ እነሱም ከፍ አደረጉ። የእኔን ጆሮ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ግማሹን ማሽኑ አስቀርቶታል፤ ታዲያ ለራሴ እስኪሰማኝ ስጮህ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"ኧረ ጋሽ ስንሻው! ምን መጣ? ሌባ ነው?"

"የለም፣ ተረት ነው!"

"ተረት እንዲህ ነው እንዴ?"

ማክሰኞም ጮህሁ። ረቡዕ ቆሎ አቀረብሁላቸው፤ ቆሎውን በሉና ሄዱ። ሐሙስ ስነሣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ድምፅ የለም፣ ጭራሽ! እሑድ ቀርቧል፣ ድምፄ ሄዷል፣ በቃ አለቀልኝ አልሁ። እና ተስፋ ቆርጬ መጽሐፉን ገለጥሁና ለራሴ ማንበብ ጀመርሁ። ለካ ዓይኔ ሲያነብ ከንፈሬ በልማዱ ይንቀሳቀሳል። ሔመን አየችኝ።

"አባባ፣ ምን አልክ?"

ይኼኔ እንደ ሽመና ክፍሉ አፌን በደንብ ከፈት፣ ገጠም፣ ከፈት አደረግሁና በእጄ ትልቅ ሆድ ሠራሁ።

"ጉማሬ! ናሆም፣ ና! ጉማሬ ነው ያለው!"

ናሆም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ መጣ፤ አፍንጫው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። "እንደገና በል" አለኝ።

አልተቀመጠም እኮ! ጉማሬው ሲፈራ ይንቀጠቀጣል፣ ጉማሬው ሲሸሽ እስከ በሩ ሮጦ "እሺ፣ ከዚያስ?" ብሎ ይመለሳል። እና ዘነበች ትዝ አለችኝ። እኔ ራሴ ፊደል የት ተቀምጬ ተማርሁ? ዱርቤቴ የኔታ ዘንድ አንድ ወር አልሞላኝም፤ "ይህ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት" አሉኝ፣ ሸሸሁ። ያስተማረችኝ ዘነበች ናት። የጨርቁን እንከን በምናመለክትበት ጠመኔ አንድ ፊደል ብረቱ ላይ ትጽፍና አፏን ታሳየኛለች፤ እኔ ከማሽን ማሽን እየሮጥሁ፣ የተበጠሰ ክር እየቀጠልሁ፣ ዞር ብዬ በከንፈሬ እመልስላታለሁ። ዓመት ሳይሞላ ጋዜጣ አነበብሁ። አንድም ቀን ሳልቀመጥ! ታዲያ ያን ልጅ "ቁጭ በል" የምል እኔ ማን ነኝ?

እሑድ ሰብለ መጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድምፄ ጥቂት ተመልሷል፣ እኔ ግን በከንፈሬ ጀመርሁ። ናሆም ሶፋው ላይ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ራሱን ዘቅዝቋል።

"ይኸው፣ አልተቀመጠም" አለች ሰብለ።

በእጄ "ቆይ" አልኋት። ሔመን ከእኔ እየተቀበለች ለእናቷ ትናገራለች፤ "እናቱ ና ግባ አለችው... እምቢ፣ ይበርዳል አላት..." ናሆም ሳይሰለች ቶሎ ልጨርስ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ገጽ ዘለልሁ።

"አባባ!" አለ ያ ዝቅዝቅ። "ታንኳዋስ? የደንገል ታንኳዋ ልትሰምጥ ስትል ገፍቶ ያወጣት? ዘለልከው!"

ሰብለ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገለጠችው። ታንኳዋ አለች። ልጇን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ተዘቅዝቆ ነው እንዴ የሚሰማው?"

እኔ ግን ድምፅ ማውጣት ፈራሁ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ የምትመልስልኝን ፈራሁ። እና በከንፈሬ ብቻ አንድ ነገር አልሁ። ሰብለ አልገባትም። ሔመን እጇን ጎተተቻት፤

"ማሚ፣ 'ማቆያውስ?' እያለሽ ነው።"

ሰብለ አፏን ልክ እንደ እኔ ከፈት ገጠም አድርጋ፣ ያለ ድምፅ፣ "ይቅር" አለችኝ። ከዘነበች በኋላ ከሰው ከንፈር ያነበብሁት ትልቁ ቃል ይህ ነው!

አሁን ድምፄ ድኗል፣ ልጆቹ ግን በድምፅ እንዳነብ አይፈቅዱልኝም። መምህርቷም ናሆምን ቆሞ እንዲሰማ ተወችው አሉ። እንግዲህ ፍርዴን ከጠየቅሽኝ፣ የልጅ ጆሮ ያለው እግሩ ላይ ነው፤ እግሩን ብታስሪው ጆሮውም ይታሰራል። አንቺ ግን፣ ይህን ሁሉ ስትጽፊ ከወንበሩ ንቅንቅ አላልሽም፤ ደኅና ነሽ? አሞሽ ነው?

እኔም ድምፄን ሳላወጣ፣ "እግሬ ደንዝዞ ነው" አልኋቸው ጋሽ ስንሻውን። ከንፈሬን ትክ ብለው አዩና ከት ብለው ሳቁ።